የሚያጎበድድ እጅ

ኮንትራክተሩ ኳስ ሲመታ ቴኒስ የሚጫወት ሰው አይመስልም፤ ግቢው የገባበትን ውሻ በመጥረጊያ የሚያባርር ነው የሚመስለው። የዛሬዋም ኳስ እንዲያው በዕድሏ መረቡን ተሻገረችና ከመስመሩ አንድ መዳፍ ያህል አልፋ ውጪ አረፈች።

«ገብታለች!» አለ ሻምፒዮን፣ ራሱን በአድናቆት እየነቀነቀ። «ኧረ ጋሼ፣ ይቺን ደግሞ ከየት አመጧት?»

ኮንትራክተሩ ከየት እንዳመጣት ባያውቅም ማምጣቱን ግን ለአፍታ አልተጠራጠረም። ላቡን በክንዱ ጠርጎ፣ ቁምጣውን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ፣ «ዕድሜ ሆነ እንጂ፣ እኔ በልጅነቴ ብጀምር ኖሮ አንተን ሥራ አስፈታህ ነበር» አለ።

«እሱማ ምን ጥርጥር አለው» አለ ሻምፒዮን። በሆዱ ደግሞ፣ «ሥራ የሚፈታስ አንተን በልጅነትህ ያሠለጠነህ ሰው ነበር፤ ያውም በደም ግፊት» አለ።

ሻምፒዮን የክለቡ አሠልጣኝ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ሲሆኑ የምን ሻምፒዮን እንደነበረ ግን ጠይቀውት አያውቁም። ቢሮ ገብቶ «ዛሬ ጠዋት ሻምፒዮንን አሸነፍኩት» ማለት ስለሚጥም ብቻ ነው። ሙያውም ይኸው ነው፤ መሸነፍ። መሸነፍ ሲባል ታዲያ ማንም ብድግ ብሎ የሚሠራው ነገር እንዳይመስል። ስድስት ለዜሮ የተሸነፈ አሠልጣኝ እየቀለደ መሆኑ ለደንበኛው ወዲያው ይገባዋል። ያሸነፈ አሠልጣኝ ደግሞ ደንበኛው በሚቀጥለው ሳምንት ወደ መዋኛው ገንዳ ይሄድበታል። ትክክለኛው ልክ ሰባት ለአምስት ነው። አምስት እኩል እስኪሆኑ ሰውየውን ጨነቅ ጠበብ ማድረግ፣ ከዚያ ቁና ቁና መተንፈስ፣ ከዚያ እጅ መስጠት። ኳሷም ሁልጊዜ በደንበኛው ቀኝ በኩል፣ ወገቡ ላይ፣ ሳትቸኩል፣ «እባክዎ ይምቱኝ» እያለች መድረስ አለባት።

ይህን ሁሉ ዓመት ሲሠራ ለሰዎቹ ቅንጣት ታህል ክብር ኖሮት አያውቅም። ጠበቃው የመክፈቻውን ምት፣ ሰርቩን፣ ሲመታ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ፍርድ ቤትም እንዲህ ከሆነ ደንበኞቹን ፈጣሪ ይርዳቸው። የጥርስ ሐኪሟ ኳስ በሳተች ቁጥር ራኬቷን ገልብጣ ትመረምራለች፤ ራኬት ሁሉ ቀዳዳ በቀዳዳ መሆኑን የነገራት የለም። ኮንትራክተሩ ደግሞ የክለቡ ሊቀመንበር ነው፤ የሠራቸው ሕንፃዎች እንደ ሰርቩ ከሆኑ በሥራቸው ማለፍ ያስፈራል። ሻምፒዮን ቀኑን ሙሉ «ግሩም ነው! በጣም ተሻሽለዋል!» ሲል ይውልና ማታ ራት ላይ አንድ በአንድ እየተነሳ ሲያስመስላቸው ሚስቱና ልጁ ሳህናቸው ላይ እስኪደፉ ይስቃሉ።

ሚስቱ ፋርማሲስት ናት። ቀኑን ሙሉ የሰው ሕመም ስትሰማ ስለምትውል ቃል አታባክንም። ከሳቁ በኋላ ሁልጊዜ የምትላት አንዲት ነገር አለቻት።

«አንድ ቀን አሸንፋቸውና ይውጣልህ።»

«እነሱን ማሸነፍ? ኧረ እሱ ራሱ ውርደት ነው!» ይላል ሻምፒዮን፣ ዳቦውን በሾርባው እየነከረ። «እኔ እኮ ታላቁን አንድ ዙር የነጠቅኩ ሰው ነኝ።»

«ያን ቀን የጫማውን ክር አስሮ ነበር?»

እዚህ ላይ ልጅቷ እንደገና ትስቃለች፤ እሱ ደግሞ በዚህኛው ሳቅ አይስቅም።

የታላቁ ነገር እንዲህ ነው። ሻምፒዮን ያደገው ከአውቶቡስ ጋራዥ ጀርባ ነው። አባቱ ሾፌር ነበሩ፤ ቤታቸውን ከጋራዡ የሚለየው ረጅም የሲሚንቶ ግድግዳ ነበር። ከአንድ የተጣለ ራኬት ጋር ተገናኝቶ ግድግዳውን ይደበድብ ጀመር። ግድግዳ ደግሞ ደግ ተጋጣሚ ነው፤ አያታልልም፣ አይሮጥም፣ አይናደድም፣ በፈለግከው በኩል ከመታኸው በፈለግከው በኩል ይመልስልሃል። ልጁ ከዚያ ግድግዳ ጋር አድጎ ክንዱ እንደ ዘፈን የሚፈስ ተጫዋች ወጣው። የወጣቶቹን ውድድር ሁሉ ጠራርጎ በላ። አባቱ መጀመሪያ «ይሄ የመጥበሻ ጨዋታ!» ይሉ የነበሩት፣ በኋላ አውቶቡሳቸው ውስጥ የጋዜጣ ፎቶውን ለጥፈው ተሳፋሪ ሁሉ ሳያየው እንዳይወርድ ያደርጉ ነበር።

ከዚያ ፕሮፌሽናል ሆነ። ቃሉ ሲጠሩት ያምራል። ኑሮው ግን አንዱ ከሌላው የማይለይ ርካሽ የሆቴል ክፍል፣ መታጠቢያው ላይ ታጥቦ መስኮቱ ላይ የተሰጣ ካናቴራ፣ በአውቶቡስ ወንበር ላይ የደነዘዘ ጉልበት ነበር። ትልልቆቹ ውድድሮች በር ላይ ማጣሪያ የሚባል ወንፊት አለ፤ ሻምፒዮን ያንን ወንፊት አልፎ አያውቅም። ያሸነፉት ሁሉ መረቡ ጋ ሲጨብጡት «ጨዋታህ ግን እንዴት ያምራል!» ይሉታል። ለቀብር እንደመጣ ሰው ነበር የሚሉት፤ እሱ ግን እንደ ሙገሳ ተቀብሎ፣ ተንከባክቦ፣ ሻንጣው ውስጥ ከትቶ ይዞት ዞረ።

በዚያ ዘመን አብሮት የሚጓዝ ቀጮ የሚባል የአገሩ ልጅ ነበር። ቀጮ ሲጫወት ለዓይን ይቀፍ ነበር። ኳስ አይመታም፣ ይከትፋል፤ ይገፋል፣ ይቧጭራል፣ ወደ ሰማይ ይወረውራል። ሻምፒዮን ከሱ ጋር አንድ ክፍል መጋራቱን ለሌሎች ተጫዋቾች ማመን ያፍር ነበር። አንዳንዴ ታዲያ ማጣሪያውን የሚያልፈው ቀጮ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ስሙ ዓለምን የሞላ ተጫዋች፣ ጠዋት ጠዋት ከግጥሚያ በፊት የሚያሟሙቀው ሰው ፈለገ። ብዙ ሰው ሞክሮ ሻምፒዮንን መረጠ። «ኳስህ ትጣፍጣለች» አለው። አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ሻምፒዮን ከታላቁ ኋላ ኋላ እየዞረ፣ ታላቁ በሚወደው ከፍታ፣ በሚወደው ፍጥነት፣ በሚወደው በኩል ኳስ ሲያቀብለው ኖረ። አንድ ጠዋት ታላቁ አዲስ የራኬት ክር ሲሞክር፣ እግሩን ሳያነቃንቅ፣ በመሀል ስልክ እያነጋገረ፣ አንድ ዙር ለሻምፒዮን ሄደች። የዚያች ዙር ወሬ ነው ይኸው እስከ ዛሬ ራት ላይ የሚቀርበው።

ጉልበቱ ሲደክም ወደ አገሩ ተመልሶ ክለቡ ቀጠረው። ሁሉን ነገር ንቆ ተቀመጠ፤ ከአንድ ነገር በስተቀር።

ልጁን። ልጅቷ ራኬት ከራሷ በሚረዝምበት ጊዜ ጀምሮ ያሠለጠናት እሱ ብቻ ነው። አሁን በዐሥራዎቹ አጋማሽ ላይ ሆና ሜዳ ስትገባ የክለቡ ሰው ጭማቂውን አስቀምጦ ያያታል። ፎርሃንዷ፣ የቀኝ ምቷ፣ የአባቷ ነው፤ ያ የዘፈን ክንድ። ሕፃን ሳለች ኳሷ ወጥታ እንዳታለቅስበት «ገብታለች! ገብታለች እናቴ!» ይላት ነበር፤ ከዚያም ልማድ ሆኖ ቀረ። አብረው ሲመቱ ኳሷ መረቡን እየተሻገረች ስትመላለስ እንደ ሰዓት ነው፤ ታክ፣ ታክ፣ ታክ። ሻምፒዮን እያያት በሆዱ፣ «ይቺ ትከፍልልኛለች» ይላል። ማን ምን እንዳስቀረበት ግን ቢጠየቅ አይመልስም።

የብሔራዊ ወጣቶች ቡድን ምርጫ ደረሰ። ግማሽ ፍጻሜ የገቡ አራት ልጆች ይመረጣሉ፤ የተመረጠች ልጅ አሠልጣኟም አብሯት በቡድኑ ይካተታል። ሻምፒዮን ማልያው ጀርባ ላይ «አሠልጣኝ» ተብሎ ተጽፎ፣ የድሮዎቹ ሆቴሎች ደጃፍ ላይ በክብር ሲወርድ በሐሳቡ ስንቴ እንዳየው እሱ ነው የሚያውቀው።

ከምርጫው በፊት በነበረው ሳምንት ቀጮ ክለቡ በር ላይ የማዳበሪያ ጆንያ ይዞ መጣ። እሱም አሠልጣኝ ሆኗል፤ ከአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ጀርባ፣ ሲሚንቶው እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ሜዳ ላይ። ክለቡ የሚጥላቸውን ያረጁ ኳሶች ለልጆቹ ሊለምን ነው የመጣው።

«እነዚህ እኮ ሞተዋል» አለ ሻምፒዮን፣ አንዷን መሬት ላይ ጥሎ እያሳየው። ኳሷ ከቁርጭምጭሚት በላይ አልነጠረችም። «በነዚህ ምን ልታደርግ ነው? ልትቀብራቸው?»

«ለኛ ይበቁናል» አለ ቀጮ፣ ጆንያውን እየሞላ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ከሩቅ ከጠበቃው ጋር የምትመታውን ልጅ ለረጅም ጊዜ አያት። «ቆንጆ ናት። እንዳንተ ናት።»

«ምን ጥያቄ አለው።»

«እስቲ እኔ ጋ ላካት። ለጥቂት ቀን ብቻ። የኔዎቹ ትንሽ ያቆሽሿት።»

ሻምፒዮን ከት ብሎ ሳቀ። «ያንተ ልጆች? ሰማህ ወይ፣ ያንተ ልጆች ቴኒስ ነው የሚጫወቱት ወይስ ምንጣፍ ነው የሚያራግፉት?»

ቀጮ አልተቀየመም። ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ «ምንጣፉም እኮ ሲራገፍ ይጸዳል» ብሎ ሄደ። ሻምፒዮን ያን ማታ ራት ላይ ባለ ጆንያውን ቀጮን አስመስሎ ተጫወተ። ልጅቷ ሳቀች። ሚስቱ ግን ሾርባዋን እያማሰለች፣ «ምን አለበት ብትሄድ?» አለች።

«አብደሻል እንዴ? ፎርሃንዷን ያበላሹብኛል!»

ምርጫው የተካሄደው በከተማው ስታዲየም አጠገብ ባሉት ሜዳዎች ነው። በመጀመሪያው ግጥሚያ ልጅቷ የደረሳት ከሌላ ክለብ የመጣች፣ እንደሷው በግል አሠልጣኝ ያደገች ልጅ ነበረች። ሁለቱ ሲጫወቱ ለማየት ያስደስቱ ነበር፤ ልጅቷ አሸነፈች፤ ሻምፒዮን ዙሪያውን እየዞረ ያላወቁትን ሁሉ «አባቷ ነኝ» እያለ ጨበጠ።

በሁለተኛው የቀጮ ተማሪ ደረሰቻት። ያሸነፈች ግማሽ ፍጻሜ ትገባለች። የቀጮዋ ልጅ አንዱ ነጭ አንዱ ግራጫ ካልሲ አድርጋ፣ ክሩ የተቋጠረ ራኬት ይዛ ገባች። ባለካልሲዋ የመጀመሪያዋን ኳስ ስትከትፋት ሻምፒዮን አጠገቡ ወደተቀመጠው ሰው ዞሮ፣ «ሽንኩርት ነው እንዴ?» አለ። ሰውየው ሳቀ።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። የባለካልሲዋ ኳስ አንዴ ቁርጭምጭሚት ላይ ትሾልካለች፣ አንዴ ትከሻ ላይ ትዘላለች፣ አንዴ መረቡን ታክካ እዚያው ሥሩ ትሞታለች። ልጅቷ ያንን የሚያምር ክንዷን ወደ ኋላ ስባ ኳሷን በለመደችው ቦታ ትጠብቃለች፤ ኳሷ ግን እዚያ የለችም። ጎንበስ ትላለች፣ ትንጠራራለች፣ ትዘገያለች። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ኳስ መጥታባት አታውቅም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከእያንዳንዱ ነጥብ በኋላ ወደ አባቷ ታይ ጀመር። ሻምፒዮን «እግርሽን! እግርሽን አንቀሳቅሺ!» ብሎ ጮኸ። በመጨረሻም፣ የመጀመሪያው ዙር አልቆ ሁለተኛው ሊያልቅ ሲል፣ ኳሷ ከመስመሩ ወጥታ ስታርፍ ልጅቷ ቆማ ቀጥታ አየችው። ምን እንደምትጠብቅ ገባው። «ገብታለች» እንዲላት ነው። ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

ስድስት ለሁለት፣ ስድስት ለአንድ። ባለካልሲዋ መረቡ ጋ መጥታ ስትጨብጣት ፊቷ ላይ ያለውን ሻምፒዮን ከሩቅም ለየው። «ጨዋታሽ ግን እንዴት ያምራል» አለቻት።

መኪና ውስጥ ገቡ። ሻምፒዮን መንገዱን እንደያዘ ጀመረ። «ያ ቴኒስ አይደለም። ያ ሌብነት ነው። እንዲህ እየገፉ ማሸነፍ ምኑ ነው ማሸነፍ? ያቺ ልጅ እኮ በሚቀጥለው ዓመት...»

«አባዬ።»

«አቤት እናቴ።»

«አንተ አንድም ቀን ተጫውተኸኝ አታውቅም።»

«ምን ማለትሽ ነው? በየቀኑ አይደለም እንዴ የምንጫወተው?»

«አንጫወትም። ለኔ ታቀብለኛለህ።» መስኮቱን እያየች ነበር። «እንደነ ኮንትራክተሩ።»

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። መሪውን አጥብቆ ያዘ። «ደህና፤ እንግዲያው ዛሬ እንጫወታለን» አለ። ቤት ሳይገቡ በቀጥታ ክለቡ ሄዱ።

ሜዳው ባዶ ነበር። ሻምፒዮን ጃኬቱን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለ። እንዲህ አድርጎ መጫወት ከፈለገ ስንት ዓመቱ ነበር! ሰርቭ መታ፤ መለሰችለት። አሁን፣ በግራዋ በኩል፣ ዝቅ አድርጎ፣ ልትደርስባት የማትችላት ኳስ አሰበ። ክንዱን ሳበ፣ መታ። ኳሷ በቀኟ በኩል፣ ወገቧ ላይ፣ ሳትቸኩል ደረሰች።

ልጅቷ አልመታቻትም። በእጇ ቀለበቻትና አሳየችው። «ይኸው።»

«ቆይ። ድገሚ።»

ደገመች። በግራ አሰበ፤ በቀኝ ሄደች። ከትፎ ሊልካት ፈለገ፤ አምራ፣ ተዝናንታ፣ ሞልታ ሄደች። በንዴት ኃይሉን ሁሉ አጠራቅሞ መታት፤ ከአጥሩ ጋር ተላተመች። ኃይሉን ቀንሶ ሜዳ ውስጥ ሊያስገባት ሲሞክር ደግሞ ተመልሳ ያቺው፣ «እባክሽ ምቺኝ» የምትለዋ ኳስ ሆነች። ራኬቱን ከቀኝ ወደ ግራ እያገላበጠ እንደ ጥርስ ሐኪሟ ሲመረምረው ራሱን ያዘው። አፉ ይህን ሁሉ ዓመት ሲንቅ ኖሯል፤ እጁ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ሲያጎበድድ ነበር። እጁ ደግሞ አፉ ሲናገር ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ነው ሥራውን የለመደው።

ልጅቷ ኳሷን ኪሷ ውስጥ ከተተች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ያባብላት ነበር። «ነገ ጋሼ ቀጮ ጋ ውሰደኝ» አለች።

«እሱ ጋ? እኔ ቆሜ?»

«እንግዲያው በአውቶቡስ እሄዳለሁ።»

ማታ ራት ላይ ማንም ማንንም አላስመሰለም። ሚስቱ የተፈጠረውን ከልጅቷ ሰምታለች። ሳህን እያነሳች፣ «እጅህን አሞሃል አሉ» አለች።

«ማን ነው ያለው?»

«ለእሱ የሚሆን መድኃኒት እኛ ጋ የለም» አለችና ወደ ማድቤቱ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ኮንትራክተሩ እንደተለመደው አዲስ ነጭ ኮፍያ አድርጎ መጣ። ሻምፒዮን ሌሊቱን ሲያብላላ ያደረው ነገር ነበረው። ልጁ ላይ እምቢ ያለው እጅ ልጁን ስለሚወድ ነው፤ በዚህ ሰውዬ ላይ ግን እምቢ የሚልበት ምን ምክንያት አለው? ዛሬ ይህንን ቦርጭ ከዳር ዳር ያሯሩጠዋል። ሥራው ቢሄድም ይሂድ። ልጁ ፊት ቆሞ «ይኸው፣ አሸንፌው መጣሁ፤ አባትሽ አሁንም ተጫዋች ነው» ቢላት፣ ቀጮ ጋ መሄዱን ትተወው ይሆናል።

ጨዋታው ተጀመረ። ሻምፒዮን ከልቡ፣ ላብ በላብ እየሆነ መታ። በኃይል የላካቸው ኳሶች ተራ በተራ ውጪ እያረፉ ሄዱ፤ ኮንትራክተሩም ለእያንዳንዳቸው ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «ወጥታለች!» ይላል፤ አንዲት ስንዝር ምሕረት አያደርግም። ሜዳ ውስጥ የገቡት ደግሞ ኮንትራክተሩ ወገብ ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ እጅ እየነሱ ይደርሳሉ። በመሀል ሰውየው አንዷን ኳስ በመጥረጊያ ስልቱ ሲመታት ከመስመሩ በደንብ ርቃ ወጣች። ሻምፒዮን ጣቱን ወደ ላይ ሊቀስር ጀመረ። አፉ ግን ቀደመው። «ገብታለች!» አለ፤ የሰማው እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነው። «ከየት አመጧት ጋሼ?»

ስድስት ለሦስት ተሸነፈ።

ኮንትራክተሩ መረቡን ተደግፎ ፊቱን በአሳቢነት አየው። «ምነው ዛሬ? የለመድነው እኮ ሰባት ለአምስት ነው። አሞሃል እንዴ?»

ይህ መጥረጊያ ሰውዬ፣ ይህ የማይረባ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ቁጥሩን ያውቅ ነበር ማለት ነው። አውቆም ይመጣል። አውቆም ቢሮው ሄዶ ያወራል። ከሁለቱ የትኛው የትኛውን ሲንቅ እንደኖረ ሻምፒዮን እዚያው መረቡ ጋ ቆሞ ሊያሰላ ሞከረና ተወው።

«ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ነው» አለ።

«በል ራስህን ጠብቅ። ሐሙስ እንዳትቀርብኝ።»

ከሰዓት በኋላ ልጅቷን መኪና ውስጥ አስገብቶ የትምህርት ቤቱን ጀርባ ፈልጎ አገኘው። መንገዱን ሙሉ ሲያጉረመርም ነበር፤ ሜዳው አደገኛ ነው፣ ሲሚንቶው ቁርጭምጭሚት ይሰብራል፣ ቀጮ እንኳን ልጅ አህያም አያሠለጥንም። ልጅቷ ጫማዋን ታስር ነበር። ክሩን ሁለቴ ቋጠረችው።

ቀጮ ሲያያቸው አልተደነቀም፣ አልፎከረም፣ «ብዬህ ነበር» እንኳን አላለም። ሻምፒዮንን ያናደደውም ይኸው ነው፤ እሱ ቢሆን ኖሮ ዓመት ሙሉ ይፎክርበት ነበር። ቀጮ ልጅቷን ከባለካልሲዋ ፊት አቆማትና ከዚያች ጆንያ አንዲት የሞተች ኳስ አውጥቶ ወረወረላቸው።

«ማን ያሸንፍ?» አለች ባለካልሲዋ ለቀጮ።

«የቻለ» አለ።

ሻምፒዮን ከአጥሩ ውጪ ቆሞ ሽቦውን ይዞ አየ። የሚያየው ያስጠላ ነበር። ያቺ ባለ ዘፈን ክንድ ልጅ እየተደናበረች፣ እየዘገየች፣ በስንጥቁ ላይ እየተዛነፉ የሚመጡትን ኳሶች በክርኗ፣ በጉልበቷ፣ በራኬቷ ጠርዝ ጭምር ስትመልስ ዋለች። አንዴ ተደናቅፋ መዳፏ ተላጠ። በጥርሱ ሽቦውን የሚያላምጥ እስኪመስል ድረስ ወደ አጥሩ ተጠጋ። «ፎርሃንዷን ገደላት፤ ይኸው ገደላት» አለ ለብቻው። ከዚያ አንድ ጊዜ ልጅቷ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የመጣችን ኳስ፣ ለማየት በሚቀፍ ሁኔታ፣ እንደ አካፋ አድርጋ ዛቀቻትና ከባለካልሲዋ ጭንቅላት በላይ ወረወረቻት። ባለካልሲዋ ሮጣ አልደረሰችባትም። ልጅቷ በደስታ ጮኸች። ሻምፒዮን ልጁ ሜዳ ላይ ስትጮህ ሰምቶ አያውቅም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነጥባቸው እኩል ሆነ። ከዚህ በኋላ ያለችው አንድ ኳስ ናት። ብዙ ተመላለሱ። በመጨረሻ ልጅቷ እንደ ድሮዋ፣ ክንዷን ሙሉ ለቅቃ፣ ያቺን የምታምር ፎርሃንድ ለቀቀቻት። ኳሷ ባለካልሲዋን አልፋ አጥሩ ጋ መጣችና ሻምፒዮን እግር ሥር፣ ከደበዘዘው መስመር አንዲት ጣት ያህል አልፋ አረፈች። ባለካልሲዋ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር፤ አላየችም። ቀጮ በሌላኛው ጫፍ ኳስ እየለቀመ ነው። ኳሷን ከቅርብ ያያት አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ገብታለች ወይስ ወጥታለች?» አለች ባለካልሲዋ።

ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች፤ በስታዲየሙ እንዳየችው አየችው። ፊቷ ላይ ግን አሁን ልመና አልነበረም። እየጠበቀች ነበር፤ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ልታይ።

አፉ ተከፈተ። የቃሉ መጀመሪያ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር፤ እንደ ዛሬ ጠዋቱ፣ በራሱ ጊዜ። ሽቦውን ጨበጠ።

«ወጥታለች» አለ።

ከወዲያ ማዶ ቀጮ ቀና አለ። «አንተ ደግሞ ማን ዳኛ አደረገህ?»

«ዓይኔ!» አለ ሻምፒዮን በቁጣ። «ያንተ ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ካልቆመች ራሷ ታይ አልነበር? ምን ዓይነት ማሠልጠን ነው ይሄ?»

ልጅቷ ወደ አጥሩ መጥታ ኳሷን ጎንበስ ብላ አነሳች። መዳፏ ላይ ያለውን ደም በቁምጣዋ ጠረገች።

«እኔም አይቻታለሁ» አለችው ቀስ ብላ፣ እሱ ብቻ እንዲሰማ። ከዚያ ወደ ቦታዋ ስትመለስ ባለካልሲዋን «አንቺ ነሽ ያሸነፍሽው፤ አንድ ዙር እንጨምር» ስትላት ሰማ።